«ቻርጅ አይዝም» ከማለትዎ በፊት፦ ዳግም የሚሞሉ የባትሪ ድንጋዮችን በቤት መፈተሻና ማቆያ መመሪያ

መብራት ሲጠፋ ይደርሱልኛል ተብለው መሳቢያ ውስጥ የተቀመጡ ድንጋዮች፣ መብራቱ በጠፋበት ምሽት ባትሪ ውስጥ ሲገቡ ለአፍታ ብልጭ ብለው የሚከስሙበት ቤት በባሕር ዳር ጥቂት አይደለም። ባለቤቱ «ይሄ ድንጋይ ቻርጅ አይዝም» ብሎ ይጥለውና ሌላ ይገዛል፤ አዲሱም ከሁለት ወር በኋላ ያንኑ ያደርጋል። ድንጋዩ ግን ከመጀመሪያው አልሞላ ይሆናል፤ ሞልቶም ከደካማ ድንጋይ ጋር ተጣምሮ ይሆናል፤ ሙቀት ያለበት ቦታ ተቀምጦ ይሆናል፤ ወይም በእርግጥ በተፈጥሮው ቶሎ የሚፈስ ዓይነት ይሆናል። እነዚህን አራቱን መለየት የሚቻለው በመለካት ብቻ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ፈተና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 35 ቀን ገደማ ይወስዳል፤ የእርስዎ ሥራ ግን የአራት ቀን ብቻ ነው፤ የቀረው ጊዜ ድንጋዩ የሚያርፍበት ነው። በዚህ ጽሑፍ «ባትሪ» የምንለው በእጅ የሚያዘውን መብራት፣ «ድንጋይ» የምንለው ደግሞ ውስጡ የሚገባውን ነው።

ደረጃ 1፦ የድንጋዩን ዓይነት ይለዩ

በድንጋዩ ጎን ላይ የተጻፈውን ቮልት ይፈልጉ። 1.2 ቮልት የሚል ከሆነ የኒኬል ዘር ነው፤ በአሁኑ ጊዜ በብዛት የሚገኘው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የሚባለው ሲሆን፣ ይህ መመሪያ በዋናነት የተጻፈው ለእርሱ ነው። 1.5 ቮልት የሚል ከሆነ ግን ቆም ይበሉ፤ ወይ አንዴ ተሠርቶበት የሚጣል ተራ ድንጋይ ነው፣ ወይ ደግሞ በውስጡ ትንሽ ሰርኪዩት የተገጠመለት ሊቲየም ነው። ተራውን ድንጋይ ቻርጀር ውስጥ አያስገቡ፤ ያፈሳል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ሊቲየሙ ደግሞ የራሱ ቻርጀር አለው፤ በኒኬል ቻርጀር አይሞላም፣ የኒኬሉም ድንጋይ በሊቲየም ቻርጀር አይሞላም። 3.7 ቮልት የሚለው፣ በግንባር በሚታሰሩ መብራቶች ውስጥ የሚገባው ወፍራም ድንጋይም ሊቲየም ስለሆነ ከዚህ በታች ያለውን ፈተና አያድርጉበት።

ቀጥሎ አቅሙን ያንብቡ። በሚሊ አምፒር ሰዓት የተጻፈው ቁጥር ለደብል ኤ መጠን ከ1300 እስከ 2800፣ ለትሪፕል ኤ መጠን ደግሞ ከ600 እስከ 1100 ባለው ውስጥ ከሆነ የሚታመን ነው። በደብል ኤ ላይ 3000፣ 4000 ወይም ከዚያ በላይ ተጽፎ ካዩ ጽሑፉ ውሸት ነው፤ በዚያ መጠን ውስጥ ይህን ያህል የሚይዝ የኒኬል ድንጋይ የለም። እንዲህ ያለ ጽሑፍ የለጠፈ አምራች ሌላውንም ነገር አልተጠነቀቀም ብዬ ስለማስብ፣ እኔ አልገዛውም።

ሌላው ልዩነት ዋናው ነው። የኒኬል ድንጋዮች ራሳቸው ሁለት ዓይነት ናቸው። የድሮው ዓይነት ምንም ሳይሠራበት፣ ተሞልቶ በተቀመጠ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጥ ብቻ ጉልህ ድርሻውን ያጣል፤ በወር ውስጥ ሩብ ወይም ሲሶ ያህሉን ቢያፈስ የሚያስደንቅ አይደለም። ሁለተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ሳንዮ «ኤነሉፕ» ብሎ ገበያ ካወጣው ወዲህ የተስፋፋው ዓይነት፣ ዓመት ተቀምጦም አብዛኛውን ኃይሉን ይዞ ይቆያል። ይህን ዓይነት የሚለዩት በእሽጉ ላይ «ተሞልቶ የተሸጠ» ወይም «ለሥራ ዝግጁ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በማግኘት ነው፤ አቅሙም ብዙውን ጊዜ በደብል ኤ 2000 አካባቢ ነው። ገዢዎች ተደጋግመው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ 2700 ከ2000 ይበልጣል ብለው ትልቁን ቁጥር ይወስዳሉ፤ ለመጠባበቂያ ለሚቀመጥ ድንጋይ ግን ትንሹ ቁጥር የተጻፈበት፣ ቀስ ብሎ የሚፈሰው ይሻላል።

ደረጃ 2፦ ዕቃዎቹን ያዘጋጁ

የሚያስፈልጉት የሚከተሉት ናቸው፦ ቮልት የሚለካ ዲጂታል ቴስተር፣ ቻርጀር፣ ባለ አንድ ድንጋይ ማቀፊያ ከነሽቦው፣ ለደብል ኤ 4.7 ኦም ወይም ለትሪፕል ኤ 10 ኦም የሆነ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገድብ ትንሽ ዕቃ)፣ የቁስል ፕላስተር፣ የማይለቅ እስክሪብቶ እና ደብተር። ሬዚስተሩ ቢቻል የ1 ዋት ይሁን፤ ከዚያ ያነሰው ኃይሉ ሊበዛበትና ሊግል ይችላል። ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ጠጋኞች ዘንድ በጥቂት ብር ይገኛል፤ ቤት ውስጥ ፖሊ ቴክኒክ የሚማር ልጅ ካለ ደግሞ ከመሳቢያው ሳይጠፋ አይቀርም። 4.7 ኦም የሆነው በላዩ ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ወርቃማ እና ወርቃማ ቀለበቶች አሉት። በቴስተር ሲለኩት መጀመሪያ ሁለቱን የቴስተር ጫፎች አነካክተው የሚታየውን ትንሽ ቁጥር ይያዙና ከውጤቱ ላይ ይቀንሱ፤ አለበለዚያ ጥሩው ሬዚስተር የተበላሸ ይመስልዎታል።

ሬዚስተር ካላገኙ የድሮ ባትሪ ውስጥ የሚገባ፣ ክር ያለው ትንሽ አምፖል ይሠራል። ነገር ግን ለመጀመሪያውም ለመጨረሻውም ልኬት ያንኑ አምፖል መጠቀም አለብዎት። የዘመኑ የኤል ኢ ዲ መብራት ለዚህ አይሆንም፤ አንድ ድንጋይ ብቻውን አያበራውም።

የማቀፊያውን ሞላ ይመልከቱ። ዝገት ወይም አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ነገር ካለበት በሎሚ ወይም በአቼቶ በረጠበ ጥጥ ይጥረጉት፣ ከዚያም በንጹሕ ውኃ በረጠበ ጨርቅ ያብሱትና ሙሉ በሙሉ ያድርቁት። ከጣና የሚመጣው የክረምት እርጥበት እነዚህን ብረቶች ቶሎ ይበላል፤ የዛገ ሞላ ደግሞ ጤነኛውን ድንጋይ ደካማ አስመስሎ ያሳያል።

ደረጃ 3፦ ለእያንዳንዱ ድንጋይ ስም ይስጡ

በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ትንሽ ፕላስተር ለጥፈው ቁጥርና የተገዛበትን ወር ይጻፉ፤ በደብተርዎም ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ ይክፈቱ። ፕላስተሩ ቀጭን ይሁን፤ ከወፈረ ድንጋዩ ጠባብ ባትሪ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። በመደመር ምልክቱ በኩል ባለው ጫፍ ዙሪያ ያለውን የፕላስቲክ ልባስ በፍጹም አይላጡ፤ ሁለቱ ጫፎች በውጭ በኩል እንዳይነካኩ የሚከለክለው እርሱ ነው።

በአንድ ባትሪ አብረው የሚሠሩ ድንጋዮች አብረው የተገዙ፣ አብረው የሚሞሉና አብረው የሚያርፉ ይሁኑ። አንዱ ከሌሎቹ ቀድሞ ሲያልቅ፣ የቀሩት ኃይላቸውን በእርሱ ውስጥ በተቃራኒ አቅጣጫ ያሳልፉበታል። በአንድ ምሽት ግድየለሽነት ደህና ድንጋይ የሚሞተው እንዲህ ነው።

ደረጃ 4፦ በትክክል ይሙሉ

አብዛኛው ስሕተት የሚፈጸመው በዚህ ደረጃ ስለሆነ ረጋ ብለው ያንብቡት።

*ቻርጀርዎን ይወቁ።* አንድ ድንጋይ ብቻ ያስገቡበት። መብራቱ ካልበራ፣ ሁለት ሲያስገቡ ግን ከበራ፣ ቻርጀሩ በጥንድ የሚሞላ ነው። በጥንድ የሚሞላ ቻርጀር አንዱን ግማሽ የሞላ፣ አንዱን ባዶ አድርገው ቢሰጡት ሁለቱንም በእኩል ይሞላል፤ በውጤቱ አንዱ ከልክ ያልፋል፣ ሌላው ሳይጠግብ ይቀራል። ስለዚህ ሁልጊዜ እኩል የሠሩ ድንጋዮችን ብቻ በጥንድ ይስጡት። ለእያንዳንዱ ድንጋይ የተለየ መብራት ያለውና ሲሞላ ራሱ የሚያቆም ቻርጀር ካለዎት ግን ከዚህ በታች ያለው የሰዓት ስሌት አያስፈልግዎትም።

*ሰዓቱን ያስሉ።* በቻርጀሩ ጀርባ ለአንድ ድንጋይ ስንት ሚሊ አምፒር እንደሚሰጥ ተጽፏል። የድንጋዩን አቅም ለዚህ ቁጥር ያካፍሉ፣ ውጤቱንም በ1.4 ያባዙ። ለምሳሌ 2000 የሆነ ድንጋይ 200 በሚሰጥ ቻርጀር 10 ሰዓት ይወጣል፤ በ1.4 ሲባዛ 14 ሰዓት ይሆናል። ጭማሪው ከሚገባው ኃይል የተወሰነው ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ ነው። ይህ ስሌት ባዶ ለሆነ ድንጋይ ነው፤ በመካከል ያለውን ድንጋይ ስንት እንደቀረው ሳያውቁ በግምት አይሙሉት፤ መጀመሪያ በደረጃ 5 በተገለጸው መንገድ እስከ 1.0 ቮልት ያውርዱት።

*መብራት ቢጠፋስ?* ቻርጀርዎ ሰዓት ቆጥሮ የሚያቆም ዓይነት ከሆነ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቆጠራውን ከዜሮ ይጀምራል። ለአሥር ሰዓት የሞላውን ድንጋይ እንደ አዲስ አሥራ አራት ሰዓት ይጨምርበታል። አንድ ጊዜ ወደ ዘጌ ለመሄድ ስሰናዳ አራት ድንጋዮች ማታ ሰክቼ ተኛሁ፤ ሌሊቱን መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ተመልሶ ኖሮ፣ በማግስቱ ከጀልባ ተመልሼ ሳያቸው የሁለቱ ልባስ ተሸብሽቦ፣ ለመያዝ እስኪያቅት ግለው አገኘኋቸው። ከዚያ ወዲህ ማታ ሰክቼ አልተኛም።

እርስዎም በቀን ይሙሉ፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት የሰኩት ከምሽቱ 2 ሰዓት ይነቀላል። መካከል ላይ መብራት ከጠፋ ቻርጀሩን ወዲያው ከሶኬት ይንቀሉና የሞላበትን ሰዓት በደብተር ይያዙ፤ ሲመለስ የቀረውን ብቻ ይሙሉ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ቢጠፋ ሦስት ሰዓት ሞልቷል፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ቢመለስ የቀረው 11 ሰዓት ስለሆነ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ያልቃል ማለት ነው። እስከዚያ ለመንቃት ካልፈለጉ ሲተኙ ነቅለው የቀረውን ለማግስቱ ማሳደር ምንም ጉዳት የለውም። መንቀሉ ሌላም ጥቅም አለው፤ መብራት ሲመለስ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቮልቱ ሊዋዥቅ ስለሚችል ትንሹ ቻርጀር ከዚያ ይተርፋል።

*በእጅዎ ይፈትሹ።* ወደ መጨረሻው ድንጋዩ ለብ ቢል ጤነኛ ነው፤ ለመሙላቱም ምልክት ነው። አንቆ ለመያዝ የሚያስቸግር ከሆነ ግን ወዲያው ይንቀሉ። ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ የሚግል ድንጋይ ያረጀ ወይም የቆሰለ ነው፤ ለይተው ያስቀምጡት። ቻርጀሩን በትራስ፣ በአልጋ ልብስ ወይም ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ አያድርጉት።

*ቻርጀሩ አልቀበልም ቢልስ?* ሲሞሉ ራሳቸው የሚያቆሙ ቻርጀሮች ቮልቱ በጣም የወረደን ድንጋይ የተበላሸ አድርገው ይቆጥሩና ቀይ መብራት ያብለጨልጫሉ። በቴስተር ሲለኩት ከ0.9 በታች ከሆነ፣ ተራ በሆነ፣ ድንጋይ በማይመርጥ ቻርጀር 10 ደቂቃ ያህል አጠገቡ ቆመው ይሙሉትና ወደ መጀመሪያው ይመልሱት። ሁለት ጊዜ ሞክረው አሁንም ካልተቀበለው አይታገሉ። ለሬዲዮ ድንጋይ እንደሚደረገው ፀሐይ ላይ ማስጣት ወይም በጥርስ መጫን ለዚህ ዓይነት ድንጋይ አይሠራም፤ ሊጎዳው ይችላል እንጂ።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያውን ልኬት ይውሰዱ

ድንጋዩ ከቻርጀር ከወጣ በኋላ ለአንድ ሰዓት ይረፍ። ከዚያ ባዶውን ቮልት፣ ማለትም ድንጋዩ ከምንም ጋር ሳይገናኝ ያለውን፣ ይለኩ፤ 1.4 አካባቢ ያሳያል። ይህን ቁጥር ይጻፉት እንጂ አይመኑበት። የኒኬል ድንጋይ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ 1.3 ይወርድና እስኪያልቅ ድረስ በ1.2 እና በ1.3 መካከል ስለሚቆይ፣ ሩብ የቀረውም ሦስት ሩብ የቀረውም ለቴስተር አንድ ዓይነት መስሎ ይታያል። ብዙዎች «ቴስተር ላይ ጥሩ ያሳያል፣ ባትሪ ላይ ግን አያበራም» የሚሉት ለዚህ ነው።

እውነተኛው ልኬት ድንጋዩን በማሠራት ነው። እንዲህ ያድርጉ፦

1. ድንጋዩን በማቀፊያው ውስጥ ያስገቡ፣ ሁለቱን ሽቦዎች በሬዚስተሩ ሁለት ጫፎች ላይ አጥብቀው ይጠምጥሙ፣ የጀመሩበትንም ሰዓት ይጻፉ።

2. ከ10 ሰከንድ በኋላ የቴስተሩን ጫፎች በቀጥታ በድንጋዩ ሁለት ጫፎች ላይ አድርገው ይለኩ። ቮልቱ ከባዶው ልኬት ከ0.05 ያልበለጠ ከወረደ ድንጋዩ ብርቱ ነው። 0.15 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ የውስጥ መከላከያው፣ ማለትም ኃይሉ እንዳይወጣ በውስጡ የሚገታው ነገር፣ አድጓል፤ ለሪሞት ይበቃ ይሆናል፣ ለካሜራ ፍላሽ ግን አይሆንም።

3. አሁን ደግሞ በሬዚስተሩ ጫፎች ላይ ይለኩ። በድንጋዩ ላይ ካገኙት በጣም ካነሰ የጠመጠሙት ሽቦ ላልቷል ወይም ሞላው ዝጓል፤ አስተካክለው እንደገና ይጀምሩ።

4. በየ30 ደቂቃው ይለኩና ይጻፉ። 1.15 ሲደርስ በየ5 ደቂቃው ያድርጉት፤ ከዚያ በኋላ አወራረዱ ገደል ነው።

5. 1.0 ቮልት ሲደርስ ሽቦውን ይፍቱ፣ ሰዓቱንም ይጻፉ።

በ4.7 ኦም ሬዚስተር ውስጥ በየሰዓቱ 260 ሚሊ አምፒር ሰዓት ያህል ያልፋል። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት የሠራ ድንጋይ ለ7 ሰዓት ሠርቷል፤ 7 በ260 ሲባዛ 1820 ይሆናል። 2000 የተጻፈበት ድንጋይ ይህን ካሳየ ደህና ነው፤ የሬዚስተሩና የቴስተሩ ጥቃቅን ስሕተቶችም በዚህ ውስጥ አሉ። በትሪፕል ኤ ላይ 10 ኦም ሬዚስተር በየሰዓቱ 120 ገደማ ያሳልፋል።

ሬዚስተሩን ሳይፈቱ ከቤት አይውጡ። ረስተው ካደሩና ድንጋዩ ዜሮ ከደረሰ ወዲያው ይሙሉት፤ አንድ ጊዜ ቢሆን ይድናል፣ ውጤቱን ግን ይሰርዙና ልኬቱን ይድገሙት።

ደረጃ 6፦ እንደገና ሞልተው ያሳርፉ

ድንጋዩን በደረጃ 4 መሠረት እንደገና ይሙሉ። በፕላስተሩ ላይ ቀኑን ይጻፉ፣ ክዳን ባለው ደረቅ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ያስገቡና ለ30 ቀን አይንኩት። «ትንሽ ልየው» ብለው ባትሪ ውስጥ አይክተቱት፤ አንድ ምሽት ያበራ ድንጋይ ፈተናው ተበላሽቷል።

ለምን 30 ቀን? የድሮው ዓይነት ድንጋይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጥ በፍጥነት ፈሶ ከዚያ ቀስ ስለሚል፣ በሳምንት የተወሰደ ልኬት ከእውነቱ የከፋ ያስመስለዋል። ወር ደግሞ በቤታችን ድንጋይ ሳይነካ የሚቀመጥበት የተለመደ ጊዜ ነው።

ደረጃ 7፦ ሁለተኛውን ልኬት ይውሰዱና ያነጻጽሩ

በ30ኛው ቀን፣ ሳይሞሉ፣ ደረጃ 5ን በዚያው ሬዚስተርና በዚያው ማቀፊያ ይድገሙ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የሁለተኛውን ቀን ሰዓት ለመጀመሪያው ቀን ሰዓት ያካፍሉ። መጀመሪያ 7 ሰዓት፣ ከወር በኋላ 5 ሰዓት ከሩብ የሠራ ድንጋይ 75 በመቶውን ይዞ ቆይቷል። ሬዚስተሩ አንድ ስለሆነ ኦሙ ትክክል ባይሆን እንኳ ይህ ንጽጽር አይዛባም፤ በአምፖል የለኩትም የሚጠቀሙት በዚህ ብቻ ነው።

*ከ90 በመቶ በላይ ከሆነ* ድንጋዩ ቀስ ብሎ የሚፈሰው ዓይነት ነው፤ ለመጠባበቂያ ባትሪ ይመድቡት።

*ከ70 እስከ 90 ከሆነ* ጤነኛ የድሮ ዓይነት ነው። ለመብራት መጥፊያ ማስቀመጥ ከፈለጉ በየሦስት ሳምንቱ ይሙሉት። «ለሥራ ዝግጁ» ተብሎ የተሸጠልዎ ከሆነ ግን እሽጉ ዋሽቷል ወይም ድንጋዩ አርጅቷል።

*ከ70 በታች ከሆነ* አይጣሉት፣ መጀመሪያ ያድሱት። በዝግታ ይሙሉት፣ እስከ 1.0 ቮልት ያውርዱት፣ እንደገና ይሙሉት፤ ይህን ሦስት ጊዜ ይደጋግሙ። ለረጅም ጊዜ ባዶውን ተቀምጦ የደነዘዘ ድንጋይ በየዙሩ የሚሠራበት ሰዓት ሲጨምር ያዩታል። ካልጨመረ አራተኛውን ዙር አይሞክሩ። ከታደሰም በኋላ ከወር ዕረፍት ቀጥሎ ግማሹን እንኳ ካልያዘ፣ ሞልተው በዚያው ቀን ለሚጨርሱት ሥራ ብቻ ይጠቀሙበት።

አንድ ነገር እንዳያምታታዎት። አቅምና መያዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። 2000 የተጻፈበት ድንጋይ በመጀመሪያው ቀን 4 ሰዓት ብቻ ሠርቶ፣ ከወር በኋላም 4 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ቢያልቅ፣ ማሰሮው ትንሽ ሆነ እንጂ አላፈሰሰም፤ ለግድግዳ ሰዓት ወይም ለሪሞት ጥሩ ነው። በተቃራኒው በመጀመሪያው ቀን 9 ሰዓት የሠራና ከወር በኋላ 4 ሰዓት ላይ የቆመ ትልቅ ማሰሮ ነው፣ ግን ስንጥቅ አለው፤ ይህ ለሠርግና ለምርቃት ፎቶ አንሺ፣ ማታ ሞልቶ በማግስቱ ለሚጨርሰው፣ ከመጀመሪያው ይሻላል። እነዚህን ሁለቱን በአንድ ባትሪ ውስጥ አያጣምሯቸው።

ደረጃ 8፦ ባትሪውን ራሱን ይጠርጥሩ

ድንጋዩ ፈተናውን አልፎ ባትሪ ውስጥ ግን የሚሞት ከሆነ ሌባው ባትሪው ነው። በለስላሳ ቁልፍ የሚሠሩ፣ ሲጫኑ ደመቅ፣ ደብዘዝ፣ ብልጭ ድርግም የሚሉ ባትሪዎች ጠፍተውም ጥቂት ኃይል ይወስዳሉ። ለማረጋገጥ ቴስተሩን ወደ ሚሊ አምፒር አዙረው፣ ቀዩን ሽቦ ወደሚገባው ቀዳዳ አዛውረው፣ በጠፋው ባትሪ ክዳንና አካል መካከል ያስገቡት። 1 ሚሊ አምፒር እንኳ ካሳየ በወር 720 ሚሊ አምፒር ሰዓት ይበላል ማለት ነው፤ ይህም የ2000ውን ድንጋይ ከሲሶ በላይ ነው። ሲጨርሱ ቀዩን ሽቦ ወደ ቮልት ቀዳዳ መመለስዎን አይርሱ፤ በአምፒር ቀዳዳ እንዳለ ቮልት የለካ ሰው የቴስተሩን ፊውዝ ያቃጥላል። መፍትሔው አጭር ነው፤ ባትሪው በማይሠራበት ጊዜ ድንጋዩን አውጥተው ከጎኑ ያስቀምጡት፣ ወይም በድንጋዩ ጫፍና በክዳኑ መካከል ቁራጭ ወፍራም ወረቀት ያስገቡ።

ደረጃ 9፦ በባሕር ዳር አየር ያቆዩት

ከተማችን ከባሕር ወለል 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ቀኑ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለ ቤት ከሰዓት በኋላ፣ በተለይ ከቁም ሣጥን አናት ላይ፣ ከዚያም ይበልጣል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ድንጋዩ የሚፈስበት ፍጥነት እጥፍ ያህል ይሆናል። ስለዚህ ድንጋዩን ከላይ ሳይሆን ከታች፣ ፀሐይ ከማያገኘው ግድግዳ አጠገብ፣ ከምድጃና ከቴሌቪዥን ጀርባ አርቀው ያስቀምጡ። በባጃጅ ወይም በመኪና መስታወት ሥር አይተዉት፤ በጀልባ ሲጓዙም በውኃው ላይ ነፋስ ስላለ ቀዝቃዛ መስሎ የሚታይዎ ቦርሳ ፀሐይ ላይ ከሆነ ውስጡ ይግላል።

ፍሪጅ ይሻላል የሚሉ አሉ። ቅዝቃዜው በእርግጥ መፍሰሱን ያዘገያል፤ ነገር ግን መብራት በጠፋና በመጣ ቁጥር ውስጡ ጤዛ ይቋጥራል፣ ጤዛውም የድንጋዩን ጫፎች ያዝጋል። ቀስ ብሎ የሚፈሰውን ዓይነት ከገዙ ፍሪጁ አያስፈልግዎትም።

በኪስ ወይም በቦርሳ ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር አይያዙ፤ ሁለቱን ጫፎች ያገናኘ ቁልፍ ኪስ ያቃጥላል። ባዶውን ድንጋይ ለወራት አያስቀምጡ፤ ሞልተው ያስቀምጡ፣ ቀስ ብሎ የሚፈሰውንም በየስድስት ወሩ አንድ ጊዜ አሠርተው ይሙሉት። ለማስታወስ የሚቀለው ወቅት ክረምት ሳይገባና ለገና ነው።

ያበቃለትን ድንጋይ እሳት ውስጥ አይጣሉ፣ አይሰንጥቁ፣ ለልጆች መጫወቻ አይስጡ፣ ወደ ጣና ዳርና ወደ ማሳም አይወርውሩ፤ በተለይ ኒኬል ካድሚየም የሚል የቆየ ድንጋይ በውስጡ መርዛማ ብረት አለው። ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍነው፣ በፕላስቲክ ዕቃ ከድነው፣ ከሌሎቹ ለይተው ያቆዩት። በላዩ ላይ «ያለቀ» ብለው ይጻፉ፤ ካልጻፉበት መብራት በጠፋ ምሽት በጨለማ ሲዳብሱ መጀመሪያ እጅዎ የሚገባው እርሱ ነው።